አበባ ሻጯን ማን ትጫወታት?

በዛሬው ገጻችን ከጓዳና ከልጆች አያያዝ ዐረፍ ብለን ወደ ቴአትር ቤት ልንሄድ ነው። መንገዱ ግን በእናቴ ቤት በኩል ስለሚያልፍ አስቀድመን እዚያ ጎራ እንበል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ቅዳሜ ማታ ከእናቴ ጋር ሆነን «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለውን በ1964 የተሠራ ፊልም ተመለከትን። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታውቅ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እየተረጐምኩላት፣ እሷም ጥጧን እየፈተለች፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ያን ረጅም ፊልም ሳትሰለች ጨረሰችው። በመጨረሻው ትዕይንት ባለጸጋው መምህር ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ፣ ባርኔጣውን ወደ ዐይኑ ደፍቶ፣ የቤት ጫማው የት እንደገባ ይጠይቃል። ትታው ሄዳ የነበረችው ልጅ ተመልሳ ከኋላው ቆማለች። ሙዚቃው ከፍ ይልና ፊልሙ ያበቃል። እናቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ይኸን ሁሉ ደክማ ተምራ የተመለሰችው ጫማ ልታቀብለው ነው?» አለችኝ።

የምመልስላት አጣሁ። በኋላ ሳነብ እንደ ተረዳሁት ግን እናቴ ያነሣችው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ የቴአትር ሰዎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። ይህ ቴአትር እንደ አዲስ መድረክ ላይ በወጣ ቁጥርም ክርክሩ ያው ይነሣል፤ መልሱም በአብዛኛው የሚገኘው ሁለቱን ዋና ገጸ ባሕርያት እነማን ይጫወቷቸው ከሚለው ምርጫ ውስጥ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ላውጋችሁ። ኤላይዛ ዱሊትል በለንደን ከተማ ኮቨንት ጋርደን ከተባለው ገበያ አጠገብ አበባ የምትሸጥ ደኻ ልጅ ነች። እኛ አገር ቆሎና ሎሚ ይዘው መንገድ ዳር እንደሚቀመጡት ሴቶች፣ የዕለት ጉርሷን ከዕለት ሽያጯ የምታገኝ ናት። ሄንሪ ሂጊንስ ደግሞ የአነጋገር ሊቅ ነው፤ አንድ ሰው ሁለት ቃል ሲተነፍስ ሰምቶ የተወለደበትን ሰፈር ይነግረዋል። ይህ ሰው «ኮክኒ» በሚባለው የለንደን ሠርቶ አደሮች አነጋገር የምትጮኸውን ልጅ በጥቂት ወራት አሠልጥኖ በመኳንንት ግብዣ ላይ እንደ ትልቅ ወይዘሮ ሊያሳልፋት ከወዳጁ ከኮሎኔል ፒከሪንግ ጋር ይወራረዳል። ውርርዱንም ያሸንፋል። በዚያች ሌሊት ሁለቱ ወንዶች እርስ በርስ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲባባሉ፣ ፈተናውን ያለፈችው ልጅ ግን ጥግ ላይ ቆማ ዞር ብሎ የሚያያት አጥታለች። በመሥሪያ ቤቷ የደከመችበት ሥራ በሌላ ሰው ስም ሲመሰገን የሰማች ሴት ይህን ትዕይንት ያለ አስተርጓሚ ትረዳዋለች።

እኔንም የነካኝ ሌላ ነገር አለ። በልጅነቴ ከጎጃም መጥቼ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ስገባ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «እስቲ ድገሚው!» እያሉ የሚስቁብኝ ልጆች ነበሩ። ቤት ገብቼ በር ዘግቼ የከተማውን አነጋገር ብቻዬን እለማመድ ነበር። ስለዚህ ኤላይዛ አንዲትን ዐረፍተ ነገር እስኪነጋ ስትደጋግም ሳይ ሌሎቹ የሚስቁበት ቦታ ላይ እኔ አልሳቅሁም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። ታሪኩን በመጀመሪያ «ፒግማሊዮን» ብሎ ያለ ሙዚቃ የጻፈው የአየርላንድ ተወላጁ ደራሲ ጆርጅ በርናርድ ሾው ነው። ቴአትሩ በ1913 ቪየና ላይ በጀርመንኛ፣ በ1914 ደግሞ ለንደን ላይ በእንግሊዝኛ ታየ። ሾው በጽሑፉ ላይ ኤላይዛን የ18 ወይም የ20 ዓመት ልጅ ያድርጋት እንጂ፣ ሲጽፍ በዐይነ ሕሊናው የነበረችው ሚስስ ፓትሪክ ካምቤል የምትባል ዝነኛ ተዋናይት ነበረች። ለንደን ላይ መድረክ ስትወጣ ዕድሜዋ 49 ነበር! አጠገቧ ሂጊንስን ሆኖ የተጫወተው ኸርበርት ቢርቦም ትሪም ከ60 አልፎ ነበር። ይህ ሰው በቴአትሩ መጨረሻ ለኤላይዛ አበባ እየወረወረ፣ ተመልካቹ «ይጋባሉ» ብሎ ደስ ብሎት እንዲወጣ ያደርግ ጀመር። ሾው እጅግ ተናደደ። በጽሑፉም ላይ ኤላይዛ ሂጊንስን እንዳላገባች የሚያስረዳ ረጅም የማብራሪያ ጽሑፍ ጨመረበት። ልብ በሉ፤ አንድም ቃል ሳይለወጥ፣ አንድ ተዋናይ በወረወራት አበባ ብቻ የአንዲት ሴት ዕጣ ፈንታ ተለወጠ።

ሾው ሥራው በሙዚቃ እንዲሠራ የሚጠይቁትን ሁሉ እምቢ ሲል ኖሮ በ1950 ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ነው አለን ጄይ ለርነር ግጥሙን፣ ፍሬድሪክ ሎ ዜማውን ጽፈው «ማይ ፌር ሌዲ»ን የሠሩት። ማርች 15 ቀን 1956 ኒውዮርክ ላይ ተከፈተ፤ እስከ 1962 ድረስም 2,717 ጊዜ ታየ። በዚያን ጊዜ ይህን ያህል የቆየ ሙዚቃዊ ቴአትር በብሮድዌይ አልነበረም።

ለኤላይዛ የተመረጠችው ጁሊ አንድሪውስ የ20 ዓመት ልጅ ነበረች። ሂጊንስን የተጫወተው ሬክስ ሃሪሰን 48 ዓመቱ ነበር። ሰውዬው መዝፈን አይችልም፤ ዜማው ለእሱ እንዲመች ሆኖ ስለ ተሠራ ግጥሙን እንደ ንግግር ሲያወርደው ሕዝቡ ወደደለት። ልጅቷ ግን ድምፅዋ እንደ ወፍ ቢሆንም በትወናው በኩል ልምምድ ላይ ከብዷት ነበር። ታዲያ አዘጋጁ ሞስ ሃርት ሌሎቹን ተዋንያን ሁሉ አሰናብቶ፣ ቅዳሜና እሑድን ከእሷ ጋር ብቻ እየሠራ፣ እየተቆጣ፣ እያስደጋገመ፣ ሰኞ ዕለት ኤላይዛን አድርጎ አመጣት። አንድሪውስ ራሷ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር በምስጋና ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ይገርመኛል፤ ዘፈን የማይችለው ትልቅ ሰው ዜማው ሲታጠፍለት፣ ትወናው የከበዳት ልጅ ግን ራሷን እንድታጥፍ ተደረገች። መድረክ ላይ የሚታየው ታሪክ ከመጋረጃው በስተኋላም እየተደገመ ነበር ማለት ነው።

ፊልሙ ሲሠራ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የፊልሙ ባለቤት ጃክ ዋርነር በመላው ዓለም የታወቀች ሴት ፈልጎ ሚናውን ለኦድሪ ሄፕበርን ሰጠ። ሄፕበርን ለዘፈኑ ብዙ ብትለማመድም አብዛኛው ዘፈን ማርኒ ኒክሰን በምትባል ዘፋኝ ድምፅ ተተካ። እናቴና እኔ በዚያች ቅዳሜ ያየነው እንግዲህ የአንዷን ፊትና የሌላዋን ድምፅ ነበር። ፊልሙ 8 የኦስካር ሽልማት ሲያገኝ ሬክስ ሃሪሰንም ተሸለመ፤ ሄፕበርን ግን ለዕጩነት እንኳ አልቀረበችም። በዚያው ምሽት የዋና ተዋናይት ሽልማቱን የወሰደችው «ሜሪ ፖፒንስ» በተባለው ፊልም የተጫወተችው ጁሊ አንድሪውስ ነበረች። የተከለከለችው ልጅ ወሰደችው ብለን ደስ ሊለን ይችላል፤ ሳትሸለም የቀረችው ሄፕበርን ግን ምን አጠፋች?

አንድን የቆየ ቴአትር እንደገና መድረክ ላይ ማውጣት የድሮ ቀሚስን ከሣጥን አውጥቶ እንደ መልበስ ቀላል አይደለም። ጽሑፉና ዜማው የደራስያኑ ወራሾች መብት ስለሆነ፣ አዘጋጁ ያልጣመውን ሁሉ እየሰረዘ በራሱ ቃል ሊተካው አይችልም። ነጻነቱ ያለው በመድረኩ አሠራር፣ በአልባሳቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በተዋንያኑ ምርጫ ነው። የኤላይዛ ሚና ደግሞ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ተዋናይትዋ በመጀመሪያው ክፍል በሻካራ ድምፅ መጮኽ፣ ማልቀስ፣ መሳደብ አለባት፤ ብዙም ሳትቆይ በቀጭን የጠራ ድምፅ ትዘፍናለች። ጉሮሮ ደግሞ ሥጋ ነው። በትልልቆቹ የብሮድዌይና የለንደን ቴአትር ቤቶች ልማድ በሳምንት 8 ትርዒት አለ። ለዚህ ነው ከዋናዋ ተዋናይት ሌላ ሚናውን በቃሏ አጥንታ፣ ልብሱ በልኳ ተሰፍቶላት፣ መድረክ ትውጣ አትውጣ ሳታውቅ ማታ ማታ የምትጠብቅ ተጠባባቂ የምትኖረው።

በ2001 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር ቴአትሩን ሲያድሰው አዘጋጁ ትሬቨር ነን ለኤላይዛ የመረጣት ማርቲን መከቺንን ነበር። መከቺን በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሕዝብ የወደዳት፣ ራስዋም የምሥራቅ ለንደን ልጅ ስለሆነች የኮክኒውን አነጋገር የሚያስተምራት አላስፈለጋትም። ተመልካቹ ወደዳት፤ የኦሊቪየር ሽልማትንም አገኘች። ነገር ግን በሕመም ምክንያት ብዙ ትርዒት ቀረባት፤ ጋዜጦችም የቀረችበትን ቀን እየቆጠሩ ዘበቱባት። የታመመ ሠራተኛ ላይ መዘባበት ምን ዓይነት ወግ እንደሆነ አይገባኝም። በእሷ ቦታ ከቆሙት ተጠባባቂዎች አንዷ ኬሪ ኤሊስ ነበረች፤ እሷም ኋላ በራስዋ ስም የታወቀች የለንደን መድረክ ኮከብ ሆናለች። ከመከቺን በኋላ ሚናውን የተረከበችው ጆአና ራይዲንግም በተራዋ ያንኑ ሽልማት ወሰደች። አንድ ዝግጅት፣ አንድ ሚና፣ ሁለት ተሸላሚዎች።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሬክስ ሃሪሰን በ1981 ኒውዮርክ ላይ ሂጊንስን እንደገና ሲጫወት 73 ዓመቱ ነበር። እናቱን ሆና የተጫወተችው በ1956 የተጫወተችው ያችው ካትሊን ኔዝቢት ስትሆን፣ ዕድሜዋ 92 ደርሶ ነበር። ኤላይዛ ግን ናንሲ ሪንገም የምትባል አዲስ ወጣት ነበረች። ወንዱ ሲያረጅ ሚናው አብሮት ያረጃል፤ ሴቷ ግን በሌላ ትለወጣለች። በ2016 ሲድኒ ላይ ለ60ኛው ዓመት መታሰቢያ ቴአትሩ ሲታደስ አዘጋጅዋ ማን ሆነች መሰላችሁ? ራስዋ ጁሊ አንድሪውስ! በ20 ዓመቷ ልምምድ ላይ የተጨነቀችው ልጅ በ80 ዓመቷ የአዘጋጁ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መድረኩንና አልባሳቱን እንደ ጥንቱ እንደ 1956ቱ አደረገችው፤ የሁለቱ ዋና ተዋንያን የዕድሜ ልዩነትም እንደ ድሮው ሰፊ ነበር። ትዝታን ላለመንካት የተደረገ ምርጫ ይመስለኛል፤ አልፈርድባትም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ኒውዮርክ ሊንከን ሴንተር ውስጥ የተደረገው ግን ፍጹም ሌላ ነበር። የዚህ ዝግጅት አዘጋጅ ባርትሌት ሸር ለኤላይዛ ሚና የመረጣት ሎረን አምብሮዝ የ40 ዓመት ሴት ነበረች። አምብሮዝ በቴሌቪዥን ድራማ እንጂ በሙዚቃዊ ቴአትር አትታወቅም። ሸርና እሷ በ2011 «ፈኒ ገርል» የተባለውን ሌላ የቆየ ሙዚቃዊ ቴአትር ሊያድሱ ተዘጋጅተው ሳለ ገንዘብ ጐድሎ ዕቅዱ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለ ዕድል ከእጅ ሲያመልጥ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸር ግን አልረሳትም፤ ከ7 ዓመት በኋላ ጠራት። ሂጊንስን እንዲጫወት የተመረጠው እንግሊዛዊው ሃሪ ሃደን-ፓተን ደግሞ በጥቂት ዓመት ታናሿ ነበር።

ይህ ምርጫ ምን እንዳደረገ እስቲ አስቡት። በ1956 መድረክ ላይ የነበሩት አባትና ልጅ የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። ትልቁ ሲቆጣ ትንሿ ስትንቀጠቀጥ የቤት ውስጥ ቅጣት ይመስላል፤ ብትመለስለትም ልጅ ወደ ቤቷ እንደ ተመለሰች ያህል ነው። በ2018 ግን አንድ ጎልማሳና አንዲት ሙሉ ሴት ናቸው። እሱ ሲጮኽ የሚጮኸው በአቻው ላይ ነው፤ ጠባዩን በዕድሜውና በሽበቱ ማመካኘት አይችልም። እሷም «ትምህርት እፈልጋለሁ፤ አበባ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ መሥራት እፈልጋለሁ» ብላ በራስዋ እግር ወደ ቤቱ ስትመጣ የልጅ ቅብጥብጥነት ሳይሆን ኑሮዋን ያሰላች ሠራተኛ ውሳኔ ሆኖ ይታያል። ቃሉ በጥንቱ ደራሲ ጽሑፍ ላይም ያለ ነው፤ ነገር ግን የ20 ዓመት ልጅ ስትናገረው ጆሮ ሳይሰጠው ያልፍ ነበር።

ይህ ዝግጅት ልምምድ ላይ በነበረበት ወቅት በአሜሪካ በርካታ ሴቶች በሥራ ቦታቸው ከአለቆቻቸው የደረሰባቸውን ትንኮሳና በደል አደባባይ ማውጣት ከጀመሩ ጥቂት ወራት ብቻ ሆኗቸው ነበር። «ከሁሉ ሥራ ይህን መርጦ ማደስ ለምን አስፈለገ?» ያሉም ነበሩ። መልሱ የመጣው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ሂጊንስ እንደ ወትሮው የቤት ጫማውን ይጠይቃል፤ ያች ቃል አልተነካችም። ኤላይዛ ተመልሳ አጠገቡ ቆማለች። ፊቱን በእጇ ትዳስሰዋለች። ከዚያም ከመድረኩ ወርዳ፣ በተመልካቹ መካከል ባለው መተላለፊያ አልፋ ትሄዳለች።

ለአምብሮዝ ተብሎ የተደረገ ሌላም ነገር ነበረ። ሚናው ከባድ ስለሆነ በሳምንት ከሚታየው ትርዒት አንዱን ከርስቲን አንደርሰን የምትባል ተዋናይት እንድትጫወትላት ተደርጎ ነበር። ለዋናዋ ዕረፍት፣ ለተተኪዋ ሥራ። ይህን የመሰለ አሠራር ቀድሞ ቢኖር ስንት ጉሮሮ ይድን ነበር! አልባሳቱን ያዘጋጀችው ካትሪን ዙበር ለዚሁ ሥራዋ የቶኒ ሽልማትን አግኝታለች። የሂጊንስን እናት ሆና የተጫወተችው ደግሞ በ79 ዓመቷ ዳያና ሪግ ነበረች። ሪግ በ1974 ለንደን ላይ በ«ፒግማሊዮን» ኤላይዛን ተጫውታ ነበር። በልጁ ጠባይ የምታዝነዋን አስተዋይ እናት እንድትሆን የቀድሞዋን አበባ ሻጭ መምረጥ፣ ለሚያውቅ ተመልካች ብዙ የሚናገር ነገር ነው።

ይኸው ዝግጅት በ2022 ወደ ለንደን ሲሻገር ሂጊንስ ያው ሃደን-ፓተን ሆነ። ለኤላይዛ ግን ትውልዷ ከናይጄሪያ የሆነው አማራ ኦኬሬኬ ተመረጠች። በለንደን ትልልቅ መድረኮች ኤላይዛን የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ተዋናይት ተብላም ጋዜጦች ጻፉላት። አሁን ደግሞ ታሪኩ ሌላ ትርጉም ያዘ። አንድ ነጭ ወንድ አንዲትን ጥቁር ሴት «አነጋገርሽ ሰው አያሰኝሽም» ሲላት ለንደን ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ተመልካች የለም። እኔ ይህን ዝግጅት የማውቀው በንባብ ብቻ ነው። ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ ልመለከተው የምመኘው እሱን ነው።

በቅርቡ እናቴ ጋ ቡና ልጠጣ ሄጄ ይህን ሁሉ አወራኋት። የ2018ቱን መጨረሻ ስነግራት እንዝርቷን አቆመች። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«ጎሽ! ሄደች» አለችኝ። ጥቂት አሰበችና ደግሞ፣ «የት ሄደች ታዲያ? ማደሪያ አላት?» አለች።

ይህንንስ መልስ አላጣሁለትም። ሾው በዚያ በንዴት በጻፈው ማብራሪያ ላይ ነግሮናል። ኤላይዛ ፍሬዲ የሚባለውን፣ የሚወዳትን ግን እጁ ሥራ የማያውቅ ልጅ አግብታ አበባ መሸጫ ሱቅ ከፈተች። የመነሻውን ገንዘብ የሰጣት ኮሎኔል ፒከሪንግ ነው። ሁለቱም የሒሳብ አያያዝ ስለማያውቁ ሱቁ ለረጅም ጊዜ ሲንገዳገድ ቆየ፤ ማታ ማታ ትምህርት ቤት ገብተው ቢማሩም አልሆነላቸውም። ከአበባው ጎን አትክልት መሸጥ ሲጀምሩ ግን ቀስ በቀስ ሥራው ቆመላቸው።

እናቴ በጥሞና አዳመጠችኝ። ከዚያ ሲኒዬን ተቀብላ ሦስተኛውን እየቀዳች፣

«የሱቁ ኪራይስ ስንት ነበር?» አለችኝ።